ለሁሉም «እሺ» ለሚል ወንድም

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወንድምሽ ለሁሉም «እሺ» ካለ፣ የሚፈልገውን እንዴት ልወቅ ላልሽው፦ «አዎ» ወይም «አይ» የሚያስመልስ ጥያቄ አትጠይቂው። «እሺ» የሚለው እናንተን ላለማስከፋት ሊሆን ይችላል።

1. ሁለት ነገር በእጅሽ ይዘሽ አሳዪው፤ ሹራብና ጃኬት፣ ዳቦና ቆሎ።
2. ጠይቀሽ ዝም በዪ፤ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። ዝምታው ያስጨንቃል፣ እሱ ግን እያሰበ ነው።
3. ቆይተሽ ቀኝና ግራውን ቀያይረሽ ድገሚ። ያንኑ ዕቃ ከጠቆመ የእውነት ፈልጎታል። ሁልጊዜ ቀኝሽን ብቻ ከጠቆመ ገና አልመረጠም።

ዘመድ «እሱ ምን ያውቃል» ቢል፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የራስን ምርጫ የማድረግ ነጻነትን ከመርሆዎቹ አንዱ አድርጎታል በዪው።

አደራ የምልሽ ግን የመረጠውን እንዳትሽሪበት ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እንደገባን፣ እንደ ወንድምሽ ያለችው እህቴ ገበያ ለመሄድ ቀዩን ሻርፕ ጠቆመች። እናታችን በፍቅር «ነጩ ያምርብሻል» ብለው ነጩን አለበሷት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሻርፕ ሳሳያት እጇን ኪሷ ከትታ የእኔን ፊት ማየት ጀመረች፤ የምወደውን ልትገምት። ጣቷን እንደገና እስክታነሳ ወራት ፈጀ። ስለዚህ የማትሰጪውን ነገር ለምርጫ አታቅርቢለት።