«እውነተኛ ጥንዶች» የሚባለው የወሲብ ፊልም እና የሙሽራው ስጋት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 28 ነው፤ ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው። ለዓመታት የወሲብ ፊልም ስመለከት ቆይቻለሁ። የማየው ግን የታወቁ ተዋናዮች የሚሠሩበትን ሳይሆን «እውነተኛ ጥንዶች»፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ በካሜራ ፊት» እየተባለ የሚቀርበውን ነው። በእነሱ ዘንድ ግማሽ ሰዓት የሚቆየው ነገር በእኔና በእጮኛዬ መካከል ከአራት ወይም ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ጓደኛዬ መክሮኝ ትራማዶል መውሰድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል፤ አንዳንድ ጊዜም ቫያግራ እጨምርበታለሁ። ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ለመናገር አፍሬ ነው የምጽፍልዎት። እነዚህ ፊልሞች በእርግጥ እውነተኛ ናቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የጠየቁኝ ስለ ፊልም ቢሆንም የሚያስጨንቅዎት «ለሚስቴ እበቃለሁን?» የሚለው ነው፤ ስለዚህ መልሴን ከእሱ እጀምራለሁ። ከጻፉልኝ ነገር በመነሣት በሽታ አይታየኝም። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት በሆላንድ፣ በእንግሊዝ፣ በስፔን፣ በቱርክና በአሜሪካ የሚኖሩ ወደ 500 የሚጠጉ ጥንዶች ጊዜውን በቤታቸው በሰዓት ለክተው ነበር፤ መካከለኛው ውጤት 5.4 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች «ያለ ጊዜው ዘር መርጨት» የምንለው ከመጀመሪያው ግንኙነት ጀምሮ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ የሚያልቀውን፣ ሰውየው ሊያዘገየው የማይችለውንና የሚያስጨንቀውን ነው። የእርስዎ አራትና አምስት ደቂቃ ከዚህ ይርቃል። ስለ ብልት መጠን አልጠየቁኝም፤ ሆኖም ይህ ስጋት ከዚያኛው ስለማይለይ ልጨምርልዎት፤ ከ15,000 በላይ ወንዶች በጤና ባለሙያ የተለኩባቸውን ጥናቶች አጠቃሎ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ ሥራ መሠረት የቆመ ብልት አማካይ ርዝመት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ እንምጣ። «እውነተኛ» የሚለው መለያ የገበያ ስም ነው። በዚህ ዘርፍ በሚሠራው ኩባንያ ዘንድ ሰዎቹ ውል ይፈርማሉ፣ ይከፈላቸዋል፣ የሚናገሩትና የሚያደርጉት አስቀድሞ ይነገራቸዋል፤ «በአጋጣሚ መንገድ ላይ ተገናኘን» የሚባለውም በአብዛኛው በቀጠሮ የተደረገ ነው። ቀረጻው ይቆማል፣ ይቀጥላል፣ ሰውየው ያርፋል፣ ከዚያም የተቆራረጠው ምስል ሳይቋረጥ የተደረገ መስሎ ይገጣጠማል። ብልታቸው ቆሞ እንዲቆይ ብልት ላይ የሚወጋ መድኃኒት የሚጠቀሙ ወንዶችም አሉ። ስለዚህ እርስዎ ራስዎን የለኩበት ግማሽ ሰዓት የአንድ ሰው ችሎታ ሳይሆን የካሜራ፣ የመድኃኒትና የአርትዖት ውጤት ነው።

ከዚህ የሚከብድም አለ። በአሜሪካ በሳንዲያጎ ከተማ ይሠራ የነበረ አንድ ድረ ገጽ፣ ተዋናይ ያልሆኑ ወጣት ሴቶችን «ለመጀመሪያ ጊዜ» እያለ ያቀርብ ነበር። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ለ22 ሴቶች ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ፈረደላቸው፤ በሞዴልነት ማስታወቂያ ተስበው የመጡ፣ ምስሉ ኢንተርኔት ላይ እንደማይወጣ በሐሰት ቃል የተገባላቸው ናቸውና። የድረ ገጹ መሥራች በ2025 እ.ኤ.አ. የ27 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ሴቶቹ በእርግጥም ተዋናዮች አልነበሩም፤ ተመልካቹ ፈቃደኝነት ነው ብሎ ያየው ግን በማታለልና በማስገደድ የተገኘ ነበር። ሰው ተዋናይ ስላልሆነ ብቻ የሚታየው ነገር እውነት ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም። እጮኛዎም በእንዲህ ያሉ ፊልሞች ያዩትን ነገር ከእርስዎ ትጠብቃለች ብለው አይገምቱ።

እስከዚህ ድረስ አጽናንቼዎታለሁ። በትራማዶሉ ጉዳይ ግን ላጽናናዎት አልችልም። ለሐኪም መናገር አፍረው ሐኪም ያልሆነ ጓደኛ ያዘዘልዎትን፣ ያለ ማዘዣ መሸጥ የሌለበትን መድኃኒት ሦስት ወር መዋጥዎ አሳስቦኛል፤ ደግሞም የሚታከም በሽታ ሳይኖርብዎት ነው። ትራማዶል ከሞርፊን ወገን የሆነ፣ ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ ነው። ዘር መርጨትን የሚያዘገየው የአንጎልን ኬሚካሎች ስለሚነካ ነው፤ በዚሁ ምክንያት የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቅን ሰው ጭምር ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፣ መጠኑ በጨመረ ቁጥርም አደጋው ይጨምራል። ከአልኮል ወይም ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ትንፋሽን እስከ ማቆም ይደርሳል። የወሰደ ሰው ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ከሆነ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ «ይተኛ፣ ይለቀዋል» ሳይባል በዚያው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። ይህን ለጓደኛዎም ይንገሩት፤ እሱም እንደሚወስድ እገምታለሁና። በወንድነትዎ ተጨንቀው የጀመሩት ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የወንድ ሆርሞንን ይቀንሳል፣ ፍላጎትንም ያዳክማል። ሰውነት እየለመደውም ስለሚሄድ ትናንት የበቃው አንድ ፍሬ ነገ ሁለት ይሆናል።

ይሁን እንጂ በዛሬው ዕለት በድንገት እንዲያቋርጡት አልመክርም። ከሦስት ወር በኋላ በአንድ ጊዜ ሲተው ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ተቅማጥና ብርቱ ጭንቀት ሊመጣ ይችላል፤ ይህን «ድክመቴ ተመለሰ» ብለው ተርጉመው ወደ መድኃኒቱ እንዳይመለሱ እሰጋለሁ። መጠኑ በሐኪም ቁጥጥር ቀስ በቀስ ይቀነሳል። እስከዚያው አይጨምሩበት፤ መጠጥም ፈጽሞ አይቀላቅሉበት።

ቫያግራው ደቂቃ አይጨምርም፤ የብልት መቆም ችግር እንዳለብዎም አልነገሩኝም፤ ስለዚህ ይተዉት። ብልት ከአራት ሰዓት በላይ ቆሞ ከቀረ አስቸኳይ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ግን ይወቁ።

ፊልሙን ቢያንስ እስከ ሠርግዎ ድረስ ያቁሙና ከእጮኛዎ ጋር ስለ ደቂቃ ሳይሆን ለእሷ ደስ ስለሚላት ነገር ይነጋገሩ። ከዚያም በኋላ ጊዜውን ማራዘም ከፈለጉ፣ ስሜቱ ሲበረታ ማቆምና ሲረግብ መቀጠል በሚባለው ልምምድ ያለ መድኃኒት መሞከር ይቻላል። በዚህ ሳምንት ግን በአቅራቢያዎ ወዳለ የጤና ተቋም ይሂዱ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ጉዳይ በየጊዜው የሚሰማው ነው፤ መናገር የሚከብድዎ ከሆነ የትራማዶሉን ማሸጊያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በቀን ስንት እንደሚወስዱ ብቻ ይንገሩት፤ ሌላውን እሱ ይጠይቅዎታል።