ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አልትራሳውንዱ «ደህና ነው» አለኝ፤ ልመነው?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ ገላው በሚያብረቀርቅ ስስ ላስቲክ የተወጠረ ይመስል ነበር። በሳምንቱ አረፈ። ሐኪሞቹ በዘር የሚመጣ የቆዳ ችግር ነው አሉን። አማቴ ግን «አቮካዶና ወተት ስታበዢ ልጁ ላይ ተለጥፎ ነው» ይላሉ። አሁን የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሁለቱንም ትቻለሁ፤ ለልጁ ቆዳ ብዬም ቫይታሚን ኤ ከፋርማሲ ገዝቼ እወስዳለሁ። አልትራሳውንዱ ደህና ነው አለኝ። ልመነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የጠየቁኝ ስለ አልትራሳውንድ ነው፤ የጨነቀዎት ግን «ልጄን የጎዳሁት እኔ ነኝ ወይ?» የሚለው ነው። አይደሉም።

የበሉት ምግብ ጨጓራ ገብቶ ይፈጫል እንጂ ማህፀን ገብቶ ልጅ ላይ አይለጠፍም። ይሄ ወሬ ማለቂያ የለውም፤ አንዱ ቤት ተልባ ነው፣ ሌላው ቤት ሙዝ፣ እርጎ። መነሻው ሕፃናት ይዘውት የሚወለዱት ነጭ ቅባት ነው። እሱን የሚሠራው የልጁ የራሱ ቆዳ ነው። እናቲቱ ወተት ጠጣችም አልጠጣችም ይኖራል፤ ቆዳውንም ይጠብቃል። በሲዳማ ምድር፣ አቮካዶ በየጓሮው እያለ፣ ነፍሰ ጡር ስትከለከል በጣም ነው የሚያናድደኝ። ዛሬውኑ ይብሉ። ይህንንም ለአማትዎ ያንብቡላቸው።

እንዲህ ያለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ልጁ ከአባትም ከእናትም አንዳንድ የተበላሸ ጂን ሲወርስ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው። ሰባት ቤት ተቆጥሮ የተጋቡም ሊገጥማቸው ይችላል። እንዲህ ከሆነ በየእርግዝናው የመደገም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው፤ ከ4 ሦስቱ ደህና።

ቫይታሚን ኤውን ግን ማን አዘዘልዎ? ጂን አያስተካክልም። በቀን ከ10,000 ዩኒት ካለፈ ደግሞ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ጽንስ ሊጎዳ ይችላል። ያቁሙት፤ ማሸጊያውን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። የታዘዘልዎትን የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን እንዳያቋርጡ።

አልትራሳውንዱ «ደህና» ሲል እስካሁን የታየ ነገር የለም ማለቱ ነው። ስስ ሽፋን እዚያ ላይ አይታይም። የከባዱ ዓይነት ምልክቶች፣ ማለትም ተከፍቶ የሚቀር አፍና የተጨበጠ እጅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታዩት ከ6 ወር ወዲህ ነው። በ7ኛው ወር ይድገሙት። አልጋው ላይ ሳይወጡ ግን የመጀመሪያውን ልጅ ታሪክ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ያልተነገረው ሰው አፍና ጣት ለይቶ አይፈልግም። ቁርጡን የሚናገረው የጂን ምርመራ ነው፤ ስለሱ የማህፀን ስፔሻሊስት ያማክሩ።

የሚወልዱትም የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሁን። ልጁ ሽፋን ይዞ ቢወለድ እንኳ ማንም አይላጠው፣ ቅቤም አይቀባ። በእርጥበትና በሙቀት ሲያዝ ሽፋኑ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይለቃል።