ይድረስ ቪዲዮ ለምትሠሩ ተማሪዎች

ልጆቼ፣

ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ሥራዎችን ስገመግም ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አየሁ። ቀረጻው ያምራል፣ ልጁ ሰው ማናገር ይችላል። ነገር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ የታወቀ የትዝታ ዘፈን ከሥሩ ይሄዳል፤ መዝጊያው ላይ «ምንጭ፦ ዩቲዩብ» ተብሎ ተጽፏል። ዩቲዩብ አልዘፈነም። ግጥሙን የጻፈ፣ ማሲንቆውን የመታ፣ ለስቱዲዮ ከኪሱ የከፈለ ሰው አለ።

ነገሩ የሚከነክነኝ በራሴ ስለደረሰ ነው። በወጣትነቴ ከሌሊቱ ወጥቼ ያነሳሁትን ፎቶ አንድ ድርጅት ሳያስፈቅደኝ የግድግዳ ካላንደር አድርጎ አተመው። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ፤ ስሜ አለመኖሩ ግን ዛሬም ያመኛል።

ሕጉ ከምታስቡት በላይ ለተማሪ ሰፊ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ለማስተማሪያ ማባዛትንም እንዲሁ። መጠኑ ለዓላማው ከሚያስፈልገው እንዳያልፍ፣ ምንጩና የባለቤቱ ስም እንዲጠቀስ ግን ይጠይቃል። ስለ ዘፈኑ እያወራችሁ «እዚህ ጋ ድምፁ እንዴት እንደሚታጠፍ ስሙ» ብላችሁ ያን ቦታ ብታሰሙ ጥቅስ ነው። ያው ዘፈን ምስሉን ለማሳመር ብቻ ከገባ ማጀቢያ ነው፤ ለማጀቢያ ባለቤቱን አስፈቅዱ። «ከሠላሳ ሰከንድ ካነሰ ችግር የለውም» የምትባባሉት አዋጁ ውስጥ የለም።

ቅኝቱን በተመለከተ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ የፈለጋችሁትን ተጫወቱበት። የተቀረጸው ድምፅ ግን የከዋኙና የአሳታሚው ነው፤ ጥበቃውም 50 ዓመት ይቆያል። የፎቶግራፍ ጥበቃ ደግሞ ፎቶው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው።

ደግሞ ክፍል ውስጥ ለመምህር ያሳያችሁትን ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ድምፅ የሚለየው ማሽን ነው፤ ተማሪ መሆናችሁን አይጠይቅም።

ያን ልጅ ዘፈኑን እንዲያነሳው ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። በሳምንቱ ሽሮ ሜዳ ተመልሶ፣ ስልኩን ከአንዱ ሸማኔ ጉልበት አጠገብ አስቀምጦ የመወርወሪያውን መመላለስ ቀዳ። ፊልሙ አሁን በዚያ ድምፅ ይከፈታል፤ መዝጊያው ላይ የሸማኔው ሙሉ ስም ከነአባቱ ተጽፏል፣ እሳቸውን አስፈቅዶ።