34 ኩንታል አገኛለሁ ብለው እንዳይበደሩ

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከአዳማ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። አንድ ሄክታር የበቆሎ መሬት አለኝ። ስለ አዲስ የበቆሎ ዘር የሚያወራ ወረቀት ደርሶኝ ልጄ አነበበችልኝ። ዘሩ በ16 ማሳዎች ተሞክሮ በአማካይ በሄክታር 38 ኩንታል ሰጥቷል፤ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ34 እስከ 42 ኩንታል ነው ይላል። የድሮው ዘር ደግሞ በሌሎች 16 ማሳዎች አማካዩ 32፣ ክልሉ ከ28 እስከ 36 ነው። እንግዲህ ቢያንስ 34 ኩንታል አገኛለሁ ማለት ነው? 10 ኩንታል ለቤት አስቀርቼ፣ በ24ቱ ልክ ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለአንድ በሬ ልበደር አስቤ ነበር።

መልስ፦ እናቴ፣ ብድሩን ከመፈረምዎ በፊት ስለጠየቁ እግዜር ይስጥልኝ። 34 ኩንታል ያገኛሉ ማለት አይደለም። ወረቀቱ ዋሽቷል ማለቴም አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው።

የመተማመኛ ክልል፣ ባለሙያዎች ኮንፊደንስ ኢንተርቫል የሚሉት፣ የሚናገረው ስለ አማካዩ ነው። የወጡን ጨው ለማወቅ ድስቱን ሁሉ አይጨርሱትም፤ በጭልፋ ይቀምሳሉ። 16ቱ ማሳዎች ጭልፋው ናቸው። ይህ ዘር በአካባቢው ማሳ ሁሉ ላይ ቢዘራ አማካይ ምርቱ ስንት ይሆን ነበር? ትክክለኛውን ቁጥር ማንም አላየውም። ከ16ቱ ተነስተን «ከ34 እስከ 42 ባለው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም» እንላለን። በቃ፣ ይኸው ነው።

የእርስዎ ማሳ ግን አንድ ማሳ ነው። የራሱ አፈር፣ የራሱ ተዳፋት፣ የራሱ አረም አለው። የወረቀቱን ቁጥሮች ይዤ ወደ ኋላ አሰላሁት። በ16 ማሳ 4 ኩንታል ወደ ላይ፣ 4 ወደ ታች የሚል ክልል የሚወጣው ማሳዎቹ እርስ በርሳቸው በጣም ሲለያዩ ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ ማለትም የማሳዎቹ ምርት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚለካው ቁጥር፣ ወደ 7 ኩንታል ተኩል ይመጣል። በዚህ ስሌት ለአንድ አዲስ ማሳ የሚሰጠው የ95 በመቶ ትንበያ ከ22 እስከ 54 ኩንታል ገደማ ነው። ወረቀቱ ላይ ካለው ክልል አራት እጥፍ ይሰፋል። ብድር ሲያስቡ ማየት ያለብዎት ይኼኛውን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ሁሌም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ገበሬ የሚዘራው በራሱ መሬት ላይ እንጂ በአማካይ መሬት ላይ አይደለም።

ሙከራው በ64 ማሳ ቢደረግስ? የአማካዩ ክልል በግማሽ ይጠብና ከ36 እስከ 40 ይሆናል። ክልሉን በግማሽ ለማጥበብ ማሳውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋልና። የአንድ ማሳ ትንበያ ግን ከ23 እስከ 53 ላይ ይቀራል፤ ፈቀቅ አይልም። ማሳዎች የሚለያዩት ጥናቱ ስላነሰ ሳይሆን በራሳቸው ስለሚለያዩ ነው።

አሁን ወደ 95 በመቶው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መቶ የባለሙያ ቡድን እያንዳንዱ የራሱን 16 ማሳ በዕጣ መርጦ ይህንኑ ዘር ሞከረ እንበል። መቶ የተለያየ ክልል ይወጣል። ከመቶው 95 ያህሉ እውነተኛውን አማካይ ይይዛሉ፤ 5 ያህሉ ይስቱታል። የእርስዎ ወረቀት ከ95ቱ ይሁን ከ5ቱ፣ ወረቀቱን በማየት ብቻ አይታወቅም። ስለዚህ 95 የሚለው ቁጥር የዘዴው ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ዘዴውን በዚህ መልክ ያቀረበው ዬርዚ ኔይማን ራሱ ይህንን ለይቶ ጽፎታል። ወጣት ሳለ በፖላንድ የግብርና ተቋም ውስጥ ስለ እርሻ ሙከራ ስሌት ይሠራ የነበረ ሰው ነው። እንግዲህ ነገሩ ከጥንትም ከማሳ የራቀ አልነበረም።

ዘዴው ራሱም ቢሆን የሚሠራው ጭልፋው ከዚያው ድስት ከተቀዳ ነው። 16ቱ ማሳዎች የት ነበሩ? ቢሾፍቱ ከአዳማ ከፍ ያለች ናት፣ ዝናቧም ይሻላል። ወንጂ አካባቢ በአዋሽ ውሃ የሚለማ ማሳ ደግሞ ዝናብ ከሚጠብቀው የእርስዎ ማሳ ጋር አይወዳደርም። በየትኛው ዓመት ነው የተሞከረው? የአሜሪካ ተምች አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተደረገ ሙከራ ተምቹን አያውቀውም። ሲመዘንስ ደርቆ ነበር? እርጥበቱ 20 በመቶ የሆነ 38 ኩንታል በቆሎ፣ ለማከማቻ ወደሚመቸው 12 ተኩል በመቶ ሲደርቅ ወደ 35 ኩንታል ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ስህተት ክልሉ አያሳይም። ሺህ ማሳ ቢጨመርበትም አያስተካክለውም።

የሁለቱ ዘሮች ክልል ከ34 እስከ 36 ላይ ይደራረባል። ልጅዎ «እንግዲያው ልዩነት የላቸውም» ካለችዎ፣ እሱም ልክ አይደለም። ልዩነቱ ለብቻው መሰላት አለበት። አሰላሁት፤ የ6 ኩንታሉ ልዩነት ክልል ከግማሽ ኩንታል ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ 11 ኩንታል ተኩል ገደማ ይደርሳል። አዲሱ ዘር በአማካይ ሳይሻል አይቀርም። በምን ያህል እንደሚሻል ግን ገና በደንብ አልታወቀም።

ይህን ሁሉ የማስረዝመው በምክንያት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ለአንድ አባት እንዲህ ያለ የታችኛ ቁጥር ነግሬያቸው «ከዚህ አይወርድም» ብዬ ነበር። አምነውኝ ተበደሩ። የ2007 ክረምት ዝናቡ ቀረ። ዕዳውን ለመክፈል የሚያርሱበትን በሬ ሸጡ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቁጥሩን ያላለውን አስብዬዋለሁ።

ስለዚህ እናቴ፣ ሒሳቡን ከ22 ይጀምሩት። 10 ለቤት ካስቀሩ 12 ይቀራል፤ ካሰቡት 24 ግማሹ ማለት ነው። 22ም ቢሆን ዝናብ ለከዳበት ዓመት ማስተማመኛ አይሆንም። እርስዎ ራስዎ ያለፉትን ክፉ ዓመታት ያስታውሱ፤ በዚያ ጊዜ ከዚሁ ማሳ ስንት አገቡ? የሚያስታውሱት ከ22 ካነሰ ወረቀቱን ትተው የራስዎን ቁጥር ይያዙ።

ዘንድሮ አዲሱን ዘር በሩብ ሄክታር ላይ ብቻ ይሞክሩት። በሄክታር 25 ኪሎ ስለሚዘራ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ይበቃዎታል። የድሮውን ዘር ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀን፣ በተመሳሳይ አፈርና ማዳበሪያ ይዝሩት። ከተቻለ ሦስት አራት ጎረቤቶችም እንዲሁ ያድርጉ፤ የአንድ ማሳ የአንድ ዓመት ውጤት ብዙ አይናገርምና። የበሬውን ብድር ለከርሞ ያቆዩት። በቆሎው ሲደርስ በደንብ አድርቀው ሁለቱንም ለየብቻ ይመዝኑና ልጅዎ ትጻፍልኝ፤ የጎረቤቶችዎንም ጨምረን አብረን እናሰላዋለን።