መልስ፦ በ«ጎድ ኦቭ ዋር» ያለው ባልዱር ምን ያህል ከአፈ ታሪኩ የተወሰደ ነው?
ውድ ጠያቂ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው «ጎድ ኦቭ ዋር» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ የምናገኘው ባልዱር ከኖርስ (ከጥንት ስካንዲኔቪያውያን) አፈ ታሪክ ምን ያህል እንደተወሰደ ጠይቀዋል። መሠረቱ የተወሰደ ነው፤ ጠባዩ ግን ፈጽሞ ተለውጧል። አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደጻፈው፣ እናቱ ፍሪግ እሳትን፣ ውኃን፣ ብረትንና በሽታን ሳይቀር ልጇን እንዳይጎዱት ብታስምላቸውም፣ ገና ለጋ ነው ብላ ያለፈችው ሚስልቶ የተባለ ተቀጽላ በአታላዩ አምላክ በሎኪ ተንኮልና በዓይነ ስውሩ ወንድሙ በሆዱር እጅ ለሞቱ ምክንያት ሆነ። ያ ባልዱር ሁሉም የሚወደው ብሩህ አምላክ ነበር።

የጨዋታው ሠሪዎች ግን ፍሪግንና ፍሬያ የተባለችውን ሌላ እንስት አምላክ አንድ ሰው አድርገው፣ የእናትየው ድግምት ልጁን ከሞት ብቻ ሳይሆን ከጣዕም፣ ከሙቀትና ከሕመም ስሜት ጭምር እንደለየው አሳዩ። ቁጣው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ የእናት ፍቅር እስራት ሲሆን የሚያሳይ በመሆኑም በእኔ እምነት ከጨመሩት ሁሉ እጅግ ጥልቁ ሐሳብ ይኸው ነው። ድግምቱ የሚፈርሰው ባልዱር የጨዋታውን ዋና ገጸ ባሕርይ የክሬቶስን ልጅ አትሬዎስን በቡጢ ሲመታ፣ የልጁን የፍላጻ ኮረጆ ማንገቻ ለመጠገን የተሰካችው የሚስልቶ ፍላጻ ጫፍ እጁን ስትወጋው ነው። አንገቱን የሚሰብረው ክሬቶስ ቢሆንም፣ የአትሬዎስ ሌላ ስሙ ሎኪ መሆኑ መጨረሻ ላይ ሲገለጥ፣ የጥንቱ ታሪክ በሌላ መንገድ እንደተፈጸመ ይረዳሉ።