ለካምፕ የሚሆን አጭር ገጀራ

ሰላም ወንድሜ፣ «ማገዶ ለመፍለጥና የድንኳን ካስማ ለመጥረብ 30 ሳንቲሜትር ይበቃል ወይስ 45 ልግዛ?» ላልከው፣ እኔ 30ውን እመርጣለሁ። ረጅሙ የሚመቸው ለሣርና ለለስላሳ ቁጥቋጦ ነው። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን፤ በጣም ከሳሳ ጠንካራ እንጨት ላይ ይንቀጠቀጣል። ብረቱ የካርቦን ብረት (ካርቦን ስቲል) ቢሆን ጥሩ ነው። ይዝጋል፣ እውነት ነው፤ ግን ጠርገህ ዘይት ቀባ ካደረግከው ችግር የለውም። ጫካ ውስጥም በሞረድ ቶሎ ይሳላል።

ከሁሉ በላይ እጀታውን እይልኝ። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ መዝለቁን አረጋግጥ። የእጀታው ጫፍ ወደ ታች ቆልመም ያለ ይሁን፣ እጅህ ሲያልበው ከመዳፍህ እንዳያመልጥ። የኔ የመጀመሪያው ሙልጭልጭ ፕላስቲክ ነበር፤ አንድ ዝናባማ ጠዋት ከእጄ ተስፈንጥሮ እግሬ አጠገብ ተሰካ። አፎት የሌለውንማ ጭራሽ እንዳትገዛ።