የቅጂ መብት ማሻሻያ ክርክርና ስማቸውን ያልገለጹ አስተያየት ሰጪዎች፦ ጥያቄና መልስ

በአውሮፓ ኅብረት የቅጂ መብት መመሪያ ላይ የተካሄደውን ክርክር ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለተከታተልኩ፣ ከአባላት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በተራ እመልሳለሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ከምገልጸው አንዱ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ነገሩን ከሥሩ ለማናውቀው፣ መመሪያው ምን ይላል? ያን ያህል ያነታረከውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ የአውሮፓ ኮሚሽን ረቂቁን ያቀረበው በ2016 ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ያነታረከው መጀመሪያ አንቀጽ 13 ይባል የነበረውና በመጨረሻው ሰነድ አንቀጽ 17 የሆነው ክፍል ነው። ቀደም ሲል እንደ ዩቲዩብ ያለ ድርጅት ተጠቃሚዎቹ በሚጭኑት ሥራ ይጠየቅ የነበረው፣ በአጠቃላይ ሲታይ፣ ሕገ ወጥ መሆኑን አውቆ ሳያነሣው ከቀረ ነበር። አዲሱ አንቀጽ ግን ሥራውን ለሕዝብ ያደረሰው ድርጅቱ ራሱ እንደሆነ ይቆጥራል። በዚህም ምክንያት ከባለመብቶች ፈቃድ ለማግኘት፣ ፈቃድ ባይገኝም ባለመብቶቹ ለይተው ያሳወቁት ሥራ በመድረኩ ላይ እንዳይታይ የሚቻለውን ጥረት ሁሉ እንዲያደርግ ያስገድደዋል። በየደቂቃው የሚጫነውን ቪዲዮ ሰው ቁጭ ብሎ አይቶ ሊጨርሰው ስለማይችል፣ ተቃዋሚዎቹ ግዴታው በተግባር ወደ አውቶማቲክ ማጣሪያ ያመራል፣ ማጣሪያ ደግሞ ጥቅስን፣ ሂስንና ቀልድን ከስርቆት አይለይም ሲሉ ተከራከሩ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ትልልቆቹ መድረኮች በሙዚቀኛውና በደራሲው ሥራ ላይ ማስታወቂያ እየሸጡ ለባለሙያው የሚያደርሱት እፍኝ የማይሞላ ነው አሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው ብዬ አምናለሁ፤ ክርክሩ መራራ የሆነውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ስማቸውን ያልገለጹ ሰዎች ጉዳይ በዚህ ውስጥ እንዴት ገባ? እኔ እስከማውቀው ክርክሩ በጉግልና በሙዚቃ ኩባንያዎች መካከል ነበር።

መልስ፦ ኩባንያዎቹ በሁለቱም በኩል ብርቱ ግፊት ማድረጋቸው አይካድም። ነገር ግን ከ2018 አጋማሽ ጀምሮ ለፓርላማ አባላቱ የሚደርሰው ኢሜይል እንደ ጎርፍ በዛ፤ ከላኪዎቹ ብዙዎቹ በዩቲዩብና በማኅበራዊ መገናኛ የሚታወቁት በቅጽል ስም ብቻ የሆነ ወጣቶች ነበሩ። በዚህ ጊዜ የክርክሩ አቅጣጫ ተቀየረ። «የሚሉት ትክክል ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች አሉ ወይ?» የሚለው ተተካ። አንድ የጀርመን የክርስቲያን ዴሞክራቶች ተወካይ፣ የደረሱት ኢሜይሎች ሁሉ ከጂሜይል አድራሻ መላካቸውን ጠቅሶ ከጀርባቸው ጉግል ሊኖር እንደሚችል ጻፈ፤ በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ የጂሜይል አድራሻ እንዳለው ግን አላሰበም። የአውሮፓ ኮሚሽንም በፌብሩዋሪ 2019 ባወጣው ጽሑፍ ተቃዋሚዎቹን በመንጋ መሰላቸው፤ ተቃውሞ ሲበረታ ጽሑፉን አነሣው። ሌላ ተወካይ ደግሞ ሰልፈኞች እስከ 450 ዩሮ እንደሚከፈላቸው ተናገረ፤ ሲጣራ ግን ገንዘቡ ጥቂት ሰዎች ሄደው ተወካዮቻቸውን በአካል እንዲያነጋግሩ የተመደበ የጉዞ ወጪ ሆኖ ተገኘ።

ምላሹ በአደባባይ መጣ። ከድምፅ አሰጣጡ ሦስት ቀን በፊት፣ ማርች 23 ቀን 2019፣ በጀርመንና በሌሎች አገሮች ከተሞች እጅግ ብዙ ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። በእነዚያ ሳምንታት ከተሰሙት መፈክሮች ዋነኛው «እኛ ቦቶች (በሰው ፈንታ መልእክት የሚልኩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) አይደለንም» የሚል ነበር። ስለ ሕጉ ይዘት ሊናገር የመጣ ዜጋ በመጀመሪያ ሰው መሆኑን እንዲያስረዳ መገደዱ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ለአንድ ወገን ያደሉ ይመስላል። የሐሰት አስተያየት በገፍ የሚያመርቱ ሰዎች መኖራቸው የታወቀ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ በሚገባ የታወቀ ነው፤ ጥያቄዎም ተገቢ ነው። ከቅጂ መብት ወጣ ያለ ቢሆንም፣ በደንብ ስለተመረመረ ከአሜሪካ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። በ2017 የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ድረ ገጾችን ሁሉ በእኩልነት እንዲያስተናግዱ የሚያስገድደውን ደንብ ለመሻር የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ ወደ 22 ሚሊዮን የሚጠጋ አስተያየት ደረሰው። የኒው ዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ በ2021 ባወጣችው ሪፖርት መሠረት ከእነዚህ ውስጥ 18 ሚሊዮን ያህሉ ሐሰተኛ ነበሩ። 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑት የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎቹ ደንቡ እንዲሻር በከፈሉበት ዘመቻ የቀረቡ ሲሆኑ፣ የእውነተኛ ሰዎችን ስምና አድራሻ ባለቤቶቹ ሳያውቁ የተጠቀሙ ነበሩ። 7.7 ሚሊዮን የሚሆኑትን ደግሞ በተቃራኒው ወገን የቆመ አንድ የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ በፈጠራ ስሞች አስገብቷቸዋል።

እዚህ ላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ እነዚያ አስተያየቶች ስም የለሽ አለመሆናቸውን ነው። ሁሉም ስም ነበራቸው፤ የኩባንያዎቹ ዘመቻማ የሌላውን ሰው እውነተኛ ስም የሰረቀ ነበር። ስለዚህ «ስም ይጻፍ» የሚል ግዴታ ብቻውን ማጭበርበርን አያስቆምም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሕግ አውጪው ምን ያድርግ? ሁሉንም ይስማ ወይስ ማንነቱ የታወቀውን ብቻ?

መልስ፦ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አስተያየት እንደ ማስረጃ ወይም እንደ ሐሳብ ሲቀርብ የጸሐፊው ስም አያስፈልግም፤ እንደ ድምፅ ሲቆጠር ግን የእያንዳንዱ ሰው ማንነት መረጋገጥ አለበት። «ይህ አንቀጽ የመጽሐፍ ሂስ የምሠራበትን ቪዲዮ ያስወግድብኛል፤ ምክንያቱም ማጣሪያው የማነበውን ጥቅስ ከቅጂ አይለይም» ብሎ የጻፈን ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ነገሩ እውነት መሆኑን ማጣሪያውን ሞክሮ ማየት ይቻላል። «ሚሊዮን ሰው ይቃወማል» የሚለውን ግን ሰዎቹን ሳይቆጥሩ ማረጋገጥ አይቻልም። የብዙው ክርክር ጉድለት እነዚህን ሁለቱን መቀላቀል ነው፤ ተቃዋሚዎች ከሐሳባቸው ይልቅ በቁጥራቸው ተመኩ፣ ደጋፊዎችም ቁጥሩን ሲጠራጠሩ ሐሳቡን አብረው ጣሉት።

ስም መግለጥ ለሁሉም እኩል እንደማይቀልም መታወስ አለበት። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ፖል ማካርትኒ በ2018 ማሻሻያውን በመደገፍ ለፓርላማው ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ቲም በርነርስ ሊን የመሳሰሉ የኢንተርኔት ፈር ቀዳጆችም አንቀጽ 13ን በመቃወም ሲፈርሙ፣ ስማቸው ክብደት ጨመረላቸው እንጂ አልጎዳቸውም። በሙዚቃ ኩባንያ ተቀጥራ የምትሠራና በአሠሪዋ አቋም የማትስማማ የድምፅ ባለሙያ ግን በስሟ ብትጽፍ እንጀራዋን ልታጣ ትችላለች። ከውስጥ አዋቂ የሚመጣው ምስክርነት ደግሞ ለሕግ አውጪው ከሁሉም ይልቅ ጠቃሚ ነው።

ጥያቄ፦ የደራሲን መብት ጉዳይ፣ ማለትም ሥራን በስም የማስጠራትን መብት፣ ስሙን የደበቀ ሰው እንዴት ሊከራከርበት ይችላል? እርስ በርሱ አይጋጭም?

መልስ፦ አይጋጭም፤ እንዲያውም ስምን የመሸሸግ መብት ያለው በቅጂ መብት ሕግ ውስጥ ነው። የእኛኑ አገር የኢትዮጵያን ሕግ ይመልከቱ፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 በአንቀጽ 8 ላይ ለሥራ አመንጪው ከሚሰጣቸው የሞራል መብቶች አንዱ ስሙን ሳይገልጽ የመቅረት ወይም በብዕር ስም የመጠቀም መብት ነው። ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ውል የሆነው የበርን ስምምነትም ስም ለሌላቸው ሥራዎች ጥበቃ ይሰጣል፤ ደራሲው በማይታወቅበት ጊዜ አሳታሚው እንደ ወኪሉ ሆኖ መብቱን እንዲያስከብር ይፈቅዳል። ለድርሰት የተከበረ ይህ መብት፣ ስለ ድርሰት ሕግ ለሚሰጥ አስተያየት የሚነፈግበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ ክርክሩ በመጨረሻ በምን ተቋጨ?

መልስ፦ ፓርላማው ማርች 26 ቀን 2019 በ348 ድጋፍ፣ በ274 ተቃውሞና በ36 ድምፀ ተዓቅቦ አጸደቀው። በረቂቁ ላይ የቀረቡ ማሻሻያዎች ለየብቻ ድምፅ ይሰጥባቸው የሚለው ሐሳብ የወደቀው በአምስት ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ አንዳንድ ተወካዮች በኋላ የተሳሳተ ቁልፍ መጫናቸውን ተናግረዋል። ፖላንድ አንቀጽ 17ን በመቃወም ያቀረበችውን ክስ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2022 ውድቅ አደረገ፤ ሆኖም ሕጋዊውን ከሕገ ወጡ በበቂ ሁኔታ የማይለይ ማጣሪያ ሐሳብን ከመግለጽ ነጻነት ጋር እንደማይስማማ አስቀምጧል። ይህ ነጥብ ማንነታቸው ሲጠረጠር የነበሩት ወጣቶች ሲጮኹለት የነበረው ነው። ጀርመንም መመሪያውን ወደ ራሷ ሕግ ስትቀይር፣ ለንግድ ያልዋለና ከሌላ ይዘት ጋር የተጣመረ እስከ 15 ሴኮንድ የሚደርስ የፊልም ወይም የድምፅ ቅንጫቢ፣ እንዲሁም እስከ 160 ፊደል የሚደርስ ጽሑፍ ወዲያው እንዳይታገድ የሚከላከል ድንጋጌ አስገብታለች።

ጥያቄ፦ በቅጽል ስም ቪዲዮ የጫነን ሰው ባለመብቱ ማንነቱን ማግኘት ይችላል?

መልስ፦ በአውሮፓ ኅብረት ከዩቲዩብ በቀጥታ ማግኘት የሚችለው የተወሰነ ነው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በጁላይ 2020 አንድ የጀርመን የፊልም ኩባንያ በተከራከረበት ጉዳይ፣ በ2004 በወጣው ሌላ መመሪያ፣ ማለትም በአእምሯዊ ንብረት መብት ማስከበሪያው ውስጥ፣ «አድራሻ» የሚለው ቃል የጫኚውን ኢሜይል፣ የስልክ ቁጥርና የአይ ፒ አድራሻ (መሣሪያው በኢንተርኔት ላይ የሚለይበትን ቁጥር) አይጨምርም ብሎ ወሰነ፤ አባል አገሮች ግን በራሳቸው ሕግ ከዚህ ሰፊ መብት መስጠት ይችላሉ። በኤፕሪል 2024 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት የፈረንሳይን ጉዳይ ሲመለከት፣ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታዎች እስከተሟሉ ድረስ የመንግሥት ባለሥልጣን የቅጂ መብት ጣሾችን በአይ ፒ አድራሻቸው እንዲለይ ፈቀደ። ጥበቃው እየጠበበ መሄዱ ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። በቅጽል ስም በከፈትኩት የዩቲዩብ ቻናል ላይ የለቀቅኩት የዘፈን ትንተና በስሕተት ተነሣብኝ። ለመከራከር ስሜን መግለጥ ግዴታዬ ነው?

መልስ፦ እንደ ደረጃው ይለያያል። ቪዲዮው የቅጂ መብት ያለበትን ሥራ በሚለየው የዩቲዩብ አውቶማቲክ ሥርዓት ብቻ የተያዘ ከሆነ የመጀመሪያው ቅሬታ ቀለል ያለ ነው። ባለመብቱ መደበኛ የማስነሻ ጥያቄ አቅርቦ ከሆነና እርስዎ ዩቲዩብ በሚከተለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የመቃወሚያ ማስታወቂያ ካስገቡ ግን፣ ሙሉ ስምዎን፣ አድራሻዎንና ስልክዎን መስጠት አለብዎት፤ ማስታወቂያውም ለጠያቂው ወገን ይተላለፋል። ስለዚህ ማንነትዎ እንዳይታወቅ የሚፈልጉበት ከባድ ምክንያት ካለዎት፣ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ አንዴ የተላለፈ ስም ተመልሶ አይሰበሰብም።